ሼር ከማድረጋችን በፊት፦ ሰደቃ፣ አማና እና ስልካችን



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሓቦቻቸውና እስከ ቂያማ ቀን ድረስ መንገዳቸውን በመልካም በተከተሉት ሁሉ ላይ ይሁን።

ዛሬ ጁሙዓ ነው። አንዳንዶቻችሁ ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ ጨርሳችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ገና ገላችሁን ልትታጠቡ ነው። በመሐል ግን ሁላችንም ስልካችንን ከፍተናል። ከፍተንስ ምን አገኘን? «ኩላሊቱን ለታመመ ወንድማችን እንድረስለት።» «የመድረሳው ጣሪያ ብቻ ቀርቷል።» «ለየቲሞች ደብተርና ቦርሳ፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው!» ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የቴሌብር ቁጥር፣ የአንድ ልጅ ፎቶ። አንዱ የልብ ምልክት ተጭኖ አለፈ። አንዱ ለአሥር ግሩፕ ላከው። አንዱ ሃምሳ ብር አስገባ። አንዱ ደግሞ «ይሄ ሁሉ ማጭበርበር ነው» ብሎ ዘጋው።

እናንተ ከአራቱ የትኛው ናችሁ? እኔ በተለያየ ቀን አራቱንም ሆኜ አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ከፍ ካለ ቦታ ቆሜ አይደለም። የበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ የመስጂድና የተማሪ ጀመዓዎች በስልክ ሰው ሲጠሩ፣ ገንዘብ ሲሰበስቡና ዕውቀት ሲያካፍሉ ምን ቢያደርጉ ከአላህ ዘንድ እንደሚያተርፉ፣ ምን ቢያደርጉ ደግሞ የሠሩትን በገዛ እጃቸው እንደሚያበላሹ አብረን እናስብ።

1. ጥሪው

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) ያወራውንና ኢማሙ ሙስሊም የዘገቡትን ታሪክ ላስታውሳችሁ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰሓቦች ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ተቀምጠው ሳለ የሙደር ጎሳ ሰዎች መጡ። እግራቸው ባዶ ነው፤ ሰውነታቸውን የሸፈነው ቁራጭ የሱፍ ጨርቅ ነው። ነቢዩ ያን ችግር ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ቤት ገቡ፣ ተመልሰው ወጡ። ከዚያም ቢላልን አዘዙት፤ አዛን አደረገ፣ ኢቃማ አደረገ። ሰገዱ፤ ከሶላቱም በኋላ ለሕዝቡ ንግግር አደረጉ። ሰው ሁሉ ካለው እንዲሰጥ ጠየቁ፦ ከዲናሩ፣ ከዲርሀሙ፣ ከልብሱ፣ ከስንዴው፣ ከተምሩ። ግማሽ ፍሬ ተምርም ቢሆን።

ከአንሳር አንድ ሰው እጁ ሊሸከመው ያቃተውን ከረጢት ይዞ መጣ። ያን ጊዜ ሰው ተከታተለ። ጀሪር እንደሚለው በመጨረሻ ሁለት ክምር ታየው፤ የምግብና የልብስ። የነቢዩም ፊት በደስታ አበራ። ከዚያም በኢስላም ውስጥ መልካም መንገድ የጀመረ ሰው የራሱንም፣ ተከትለውት የሠሩትንም ሰዎች ምንዳ እንደሚያገኝ፣ ከእነርሱም ምንዳ ምንም እንደማይጎድል ተናገሩ። መጥፎ መንገድ የጀመረም እንዲሁ የራሱንና የተከታዮቹን ወንጀል እንደሚሸከም አስጠነቀቁ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ነቢዩ ችግሩን በዐይናቸው አዩ፤ ልባቸው ተነካ። ከዚያ ሰው ተጠራ። የዚያ ዘመን ትልቁ የመጥሪያ መሣሪያ የሰው ድምፅ ነበር፤ ድምፁም የሐበሻው የቢላል ነበር። ከዚያ ምን እንደሚፈለግና እያንዳንዱ ምን ሊሰጥ እንደሚችል በግልጽ ተነገረ። ቀጥሎ አንድ ሰው ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ። የተሰበሰበውም ነገር እዚያው ሁሉም እያየው ተከመረ።

ዛሬ በቴሌግራም የሚላክ ጥሪ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሃይቲን ርዕደ መሬት ሲመታት የአሜሪካ ቀይ መስቀል ሰዎች አንዲት ቃል በአጭር መልእክት ልከው 10 ዶላር እንዲሰጡ ጠየቀ። በዚያ መንገድ ብቻ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እያንዳንዱ ሰው የሰጠው የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። በእኛም አገር ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባንክ ቤት ሄዶ መሰለፍ የማይችል ተማሪ ካለበት ሆኖ አሥር ብር መስጠት ቻለ። ይህ የአላህ ኒዕማ ነው። ግማሽ ፍሬ ተምር ያላት እህት ወደ ክምሩ የምትደርስበት መንገድ ተከፈተላት ማለት ነው።

2. የሰጠሁትን ላሳይ ወይስ ልደብቅ?

ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ነው። «ኡስታዝ፣ የላክሁበትን ደረሰኝ ብለጥፈው ሪያእ ይሆንብኛል?»

አላህ በሱረቱል በቀራ 271ኛው አንቀጽ በይፋ የሚሰጥ ሰደቃ መልካም መሆኑን፣ ደብቆ ለድሆች መስጠት ደግሞ ለሰጪው የተሻለ መሆኑን አስተምሮናል። ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው። ያ የአንሳር ሰው ከረጢቱን በይፋ ባያመጣ ኖሮ የተከተሉት ሰዎች ምናልባት ባልተነሱ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ አላህ በጥላው ከሚያስጠልላቸው ሰባት ሰዎች አንዱ ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራ እጁ እስከማታውቅ ድረስ ደብቆ የሰጠ ሰው እንደሆነ ነቢዩ ነግረውናል።

ስለዚህ ራስህን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ይህን ደረሰኝ ስለጥፍ ሰው እንዲሰጥ ነው ወይስ ሰው እንዲያየኝ? መልሱን ከአላህና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ልብህ ከተጠራጠረ ደብቅ። «እኔ ጀምሬያለሁ፣ ቀጥሉ» ማለት ግን ስምህንና የብሩን መጠን ሳትጠቅስም ይቻላል። ወር በወር ትንሽ ነገር በድብቅ ለሚልክ ሰው ደግሞ ሌላ ብሥራት አለው፤ አላህ ዘንድ እጅግ ተወዳጁ ሥራ፣ ቢያንስም እንኳ የሚዘወተረው ነውና።

ይህ የመዘውተር ነገር ማኅበራቱን ራሳቸውንም ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በረዶ ውሃ በራስ ላይ የማፍሰስ ቪዲዮ ዓለምን ያዳረሰበትን ጊዜ ታስታውሱ ይሆናል። ኤኤልኤስ ለተባለው የነርቭ በሽታ በአሜሪካ የሚሠራው ማኅበር በዚያ ዘመቻ 115 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ሳቁና ጨዋታው በአንድ ክረምት አለቀ። ገንዘቡ ግን ወደ ምርምር ሄደ፤ በ2016ም የተደገፉት ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋር የተያያዘ አንድ ጂን ለዩ። ቪዲዮው ሰውን ጠራ፤ ፍሬው የመጣው ግን ካሜራው ከተዘጋ በኋላ በተሠራው ሥራ ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቪዲዮው አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የለም።

3. ያ ፎቶ አሁንም አለ?

አሁን ስለራሴ ልንገራችሁ። ለመናገር የሚከብደኝ ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ በጀመዓችን ለየቲሞች ደብተር እንሰበስብ ነበር። የፌስቡክ ገጽ ከፈትን። አንድ ቀን አባቱ የሞተበት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ቤት ሄድን። ቦርሳና ደብተር ሰጠነው። ፎቶ ሲነሳ አልሳቀም። «ሳቅ እንጂ!» ያልኩት እኔ ነኝ። ሳቀ። ለጠፍነው። የአባቱን ሞት፣ የሰፈሩን ስም፣ እናቱ የሰው ቤት ልብስ አጥባ እንደምታሳድገው ሁሉ ጻፍን። ሰው ወደደው። ገንዘብ መጣ። እኛም አልሐምዱ ሊላህ አልን።

ከዓመታት በኋላ አንድ መስጂድ ውስጥ ደርስ ጨርሼ ስወጣ አንድ ወጣት ጠበቀኝ። ሰላም አለኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። እሱም አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አላወቅሁትም። ቀስ ብሎ «ኡስታዝ፣ ያ ፎቶ አሁንም አለ?» አለኝ።

የቦርሳው ልጅ ነበር። ሃይ ስኩል እያለ የክፍል ጓደኞቹ ፎቶውን አግኝተውት «ቦርሳው» የሚል ስም አውጥተውለት እንደነበር ነገረኝ። እሱን ግን ችሎት ነበር። ያቃጠለኝ ሌላው ነው። እናቱ ጽሑፉን ጎረቤት አነበበላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከየትኛውም ጀመዓ ምንም አልቀበልም አለች። እሷም ልጇም በዚያ ምክንያት ስንት ረመዷን በባዶ ቤት እንዳፈጠሩ ሲነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፎቶውን ለማጥፋት ሞከርኩ። የገጹን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ጠፋ። ገጹን የከፈተው ወንድም ባሕረ ሰላጤ አገር ለሥራ ሄዷል። ፈልገን አገኘነው፣ አጠፋው። ነገር ግን ሌሎች ገጾች ወስደውት ነበር፤ አንዱ እንዲያውም ለሌላ ከተማ ልጅ ብሎ ገንዘብ ሊሰበስብበት ተጠቅሞበታል። ያን ማጥፋት አልቻልንም። ወጣቱን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ይቅር ብሎኛል። እናቱን ግን እስካሁን ፊት ለፊት ለማየት ድፍረት አላገኘሁም።

አላህ በሱረቱል በቀራ ከ262ኛው አንቀጽ ጀምሮ ሰደቃን መመጻደቅና አዛ እንደሚያበላሹት ያስጠነቅቃል። እኔ ያን አንቀጽ በቃሌ አውቀው ነበር። አዛ ማለት ግን ድሃን በአፍ መስደብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የልጅን ችግር ከስሙና ከፊቱ ጋር አድርጎ ለማያውቀው ሕዝብ መዘርዘርም አዛ መሆኑን ያስተማረኝ ያ ወጣት ነው። በዚያው ሱራ 273ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ከልመና በመቆጠባቸው የማያውቃቸው ሰው ሀብታም የሚላቸውን ድሆች ያወድሳል። እኛ ያንን አላህ ያከበረውን መሸፋፈን በካሜራ ገለጥነው።

«ፎቶ ካልለጠፍን ሰው አያምንም» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሰጪው ማስረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ግን ማስረጃው የድሃው ፊት መሆን የለበትም። የተገዛውን ጤፍና ዘይት ከነደረሰኙ አሳዩ። የተሠራውን ጣሪያ፣ የተቆፈረውን ጉድጓድ አሳዩ። ቤተሰቡን የሚያውቁ የሰፈር ሽማግሌ ወይም ኢማም ይመስክሩ። በግድ ታሪክ መናገር ካስፈለገ ደግሞ ስሙንና ሰፈሩን ተዉት። ባለጉዳዩንም «ይህ የት እንደሚደርስ ይገባሃል? እምቢ ብትልም እርዳታው አይቀርብህም» ብላችሁ ጠይቁት። እምቢ ቢል እንደሚያጣ የሚያስብ ሰው «እሺ» ቢል ፈቃድ ሰጠ አይባልም። ልጅ ከሆነ ደግሞ ፊቱን ተዉት። ልጁ ያድጋል፤ ፎቶው ግን አብሮት አያድግም።

4. አማና በሒሳብ ይታያል

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ነቢዩ ሒሳቡን ተሳሰቡት። ሰውየውም ይሄ የእናንተ ነው፣ ይሄ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩ ይህን በዝምታ አላለፉትም። ሕዝቡ ፊት ቆመው፣ ይህ ሰው አባቱና እናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ልብ በሉ፣ ሰውየው ሰሓባ ነው። ቢሆንም ተጠየቀ። እንግዲህ በእኛ ዘመን «እኛ እኮ ለአላህ ብለን ነው የምንሠራው፣ እንዴት እንጠየቃለን?» የሚል የግሩፕ አስተዳዳሪ ምን ሊባል ነው? ሒሳብ መጠየቅ መጥፎ ጥርጣሬ አይደለም። አላህ የዱቤ ውል እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ያዘዘው እኮ ለአማኞች ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ለምትሰበስቡ ወንድሞችና እህቶች እንዲህ እላለሁ። ገንዘቡ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ውስጥ አይግባ፤ ቢቻል በጀመዓው ስም ይሁን፣ ለማውጣትም ሁለት ሰው ይፈርም። በየወሩ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ሦስት መስመር ብቻ! የተፈለገው ሲሞላ ደግሞ «ሞልቷል፣ አላህ ይቀበላችሁ» ብላችሁ ጥሪውን ዝጉ። የተረዳው ሰው ቢሞት ወይም ቢድን ያንኑ ንገሩ። ለአንድ ታማሚ ተሰብስቦ የተረፈን ብር ለሌላ ነገር ከማዋላችሁ በፊት ሰጪዎቹን አሳውቁ። መጀመሪያ ሲጠየቁ የሰጡት ለእሱ ነውና።

በሌላ በኩል ሰጪዎች የምንሳሳትበት ነገር አለ። «ከሰጠሁት ብር አንድ ሳንቲም እንኳ ለሥራ ማስኬጃ ከወጣ ሐላል አላደርግም» የሚል ወንድም አጋጥሞኛል። ወንድሜ፣ ዘይቱ በአየር አይሄድም። መኪና ይከራያል፣ ሠራተኛ ይጭናል፣ ባንክ ይቆርጣል። አላህ በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች መካከል በዘካው ላይ የሚሠሩትን ራሳቸውን ቆጥሯል። ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኘውን መሬት ወቅፍ ሲያደርግም መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ ደነገገ፤ የሚያስተዳድረው ሰው ግን ሀብት ሳያከማች በአግባቡ ቢበላ ችግር እንደሌለው ገለጸ። በአገራችንም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገቡ ድርጅቶች የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «ወጪ አለ ወይ?» ሳይሆን «ስንት ነው? ለምን ወጣ? ተነግሮናል ወይ?» የሚለው ነው። ወጪውን በግልጽ የሚጽፍ ጀመዓ «መቶ በመቶ ለድሃው ይደርሳል» ከሚልና ደረሰኝ ከማያሳይ ጀመዓ ይልቅ አማናውን ጠብቋል።

5. ዕውቀትም ሰደቃ ነው፣ ዕውቀትም አማና አለው

የአደም ልጅ ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር እንደሚቋረጥ ታውቃላችሁ፤ የሚቀጥል ሰደቃ፣ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። ስልካችን ሁለተኛውን በጣም አቅልሎልናል። አቅልሎልናል ማለት ግን ማበላሸቱንም አቅልሎልናል ማለት ነው።

አንድ ጥሩ ምሳሌ ልስጣችሁ። ቁርኣን በኮምፒውተር መጻፍ ሲጀመር በየቦታው የሚገኙት ጽሑፎች የፊደልና የሐረካ ስህተት ነበረባቸው። አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ ስህተቱ ተባዛ። እ.ኤ.አ. በ2007 ታንዚል የተባለ ሥራ ተጀመረ። ዓላማው አንድ ብቻ ነበር፤ ሁሉም ሊተማመንበት የሚችል፣ የተጣራ የቁርኣን ጽሑፍ ማዘጋጀት። ጽሑፉን መጀመሪያ በኮምፒውተር፣ ቀጥሎ በሕግጋቱ መሠረት፣ በመጨረሻም በሰው ዐይን እየፈተሹ አረሙት። ከዚያ በነፃ ለቀቁት። ቅድመ ሁኔታቸው ምን መሰላችሁ? ገልብጡ፣ አሰራጩ፤ ነገር ግን አትለውጡት፣ ከየት እንዳገኛችሁትም ተናገሩ። ዛሬ ብዙ የቁርኣን አፕሊኬሽኖች በዚያ ጽሑፍ ላይ የቆሙ ናቸው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የደከሙበት የአማርኛ ትርጉምም እዚያው ተቀምጦ በኪሳችን ገብቷል። አላህ ይዘንላቸው፤ ያን ትርጉም የሚያነብ ወጣት በስልኩ አንድ ገጽ በገለጠ ቁጥር ከምንዳው እንደማያጡ ተስፋ እናደርጋለን።

አሁን ከዚህ ጋር እኛ በየግሩፑ የምንልከውን አወዳድሩት። «ይህን ለዐሥር ሰው ያልላከ እንዲህ ይሆናል» የሚል ምንጭ የሌለው «ሐዲስ»። ሸይኹ ያላሉት በሸይኹ ስም። የተቆረጠ ቪዲዮ። ለታመመ ሰው መድኃኒቱን የሚያስተው የ«ነቢይ ሕክምና» ምክር። አላህ በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን ባለማወቅ ሰው ጎድተን እንዳንጸጸት ነው። ነቢዩም ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ብቻ ውሸታም ለመሆን እንደሚበቃው አስጠንቅቀዋል። ሼር ማድረግ ማውራት ነው። ጣት ምላስ ሆናለች።

የዚህ ኡመት ዑለማእ አንድን ሐዲስ ከመቀበላቸው በፊት ማን ከማን ሰማ ብለው ሰንሰለቱን ይመረምሩ ነበር። ለአንድ ቃል ከከተማ ከተማ በግመል የተጓዙ ነበሩ። ከእኛ የሚጠበቀው ግመል አይደለም። መጽሐፉንና ቁጥሩን ማየት፣ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ፣ ካልተገኘ ደግሞ አለመላክ ነው።

6. ጀመዓዎች እርስ በርስ ይንገሩ

አንድ ረመዷን ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ ሰፈር ሦስት ጀመዓ የአስቤዛ እደላ አደረገ። ሦስቱም ቅን ሰዎች ናቸው። አንዲት እናት ቤት ሦስት ጊዜ ዘይትና ዱቄት ደረሰ፤ ስሟ በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነበር። አጥሯን ተጋርተው የሚኖሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት ግን ማንም አልደረሰም። ለምን? ሦስቱ ጀመዓዎች አይነጋገሩም። እያንዳንዱ የራሱን ገጽ፣ የራሱን ቪዲዮ፣ የራሱን ስም ይጠብቃል።

ወንድሞቼ፣ የምንወዳደርበት ነገር በጎ ሥራው እንጂ የተከታይ ቁጥር አይደለም። አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ችግሩን ይፈታው ነበር። ሰንጠረዡንም ግሩፕ ላይ አትለጥፉት! የቤተሰቦቹ ስም አማና ነው፤ ሁለትና ሦስት የታመኑ ሰዎች ይያዙት። ከዚያም የተማራችሁትን ለሌላው ንገሩ። «ደብተር መስከረም ላይ ሳይሆን ቀደም ብለን በጅምላ ስንገዛ ረከሰልን።» «ጉድጓዱን ስናስቆፍር ጥገናውን ማን እንደሚይዝ ስላልተስማማን በዓመቱ ቆመ።» ስህተቱን መናገር ያሳፍራል። ግን እናንተ ያፈራችሁበት ነገር ሌላ ከተማ ያለችን ጀመዓ ገንዘብና የሕዝብ ውሃ ያድናል። ይህም ጠቃሚ ዕውቀት ነው።

ገንዘብ የሌላችሁ ወጣቶችም አትዘኑ። ያኔ ሃይቲ በተመታች ጊዜ ፖርቶፕሬንስን አይተዋት የማያውቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው የሳተላይት ምስል እያዩ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ መንገዶቿንና ቤቶቿን ሣሉ። የነፍስ አድን ሠራተኞች በዚያ ካርታ ተጠቀሙ። ገንዘብ አልሰጡም፤ ሰዓታቸውን ሰጡ። አንቺ ሒሳብ አያያዝ የምትችይ እህቴ፣ የሰፈርሽን መድረሳ ሒሳብ በወር አንድ ቀን ልታስተካክይላቸው ትችያለሽ። አንተ ቪዲዮ የምታቀናብር ወንድሜ፣ የሸይኽህን ደርስ መስማት ለማይችሉ ወንድሞች ጽሑፍ ልትጨምርበት ትችላለህ። አፋን ኦሮሞም አማርኛም ሆነ ሌላ ቋንቋ የምትችሉ፣ አንድ ገጽ የጤና ምክር በትክክል ተርጉሙ። አላህ ዘንድ ይህ አይጠፋም።

7. ለዚህ ሳምንት

በወሬ ብቻ እንዳንለያይ ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ እስከ ማታ ድረስ የሚደርሳችሁን አንድ የእርዳታ ጥሪ ምረጡና ከመላካችሁ በፊት አጣሩት። ደውሉ። ታማሚው አለ ወይ? የሒሳቡ ቁጥር የእሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው እውነተኛውን ጥሪ ወስዶ ቁጥሩን ቀይሮታል? የጓደኛችሁ ስልክ ተጠልፎ «ቶሎ ብር ላኩልኝ» ሲላችሁም በድምፅ ሳትሰሙት አትላኩ። ካጣራችሁ በኋላ ግን አትቆጠቡ፤ ስጡም፣ ላኩም። አጣራለሁ እያለ ለዘላለም የማይሰጥ ሰው ሌላ በሽታ ይዞታል።

ሁለተኛ፣ ከዚህ በፊት የለጠፋችሁትን ተመልሳችሁ እዩ። የአንድ ልጅ ወይም የአንዲት እናት ችግር ከፊታቸው ጋር ካለበት አጥፉት። የታማሚ የሐኪም ወረቀት ከነስሙ ካለበት አጥፉት። እኔ በጊዜው ባደርገው ኖሮ ዛሬ ቀለል ይለኝ ነበር።

ሦስተኛ፣ አንድ የምታምኑትን ጀመዓ ምረጡና በየወሩ የምትችሉትን፣ ማንም ሳያያችሁ፣ ላኩለት። ሒሳቡን ደግሞ በአደብ ጠይቁ።

እኔ በበኩሌ ለዚህ ሳምንት አንድ ቀጠሮ አለኝ። ያ ወጣት «እማዬ ቡና አፍልታ ልትጠብቅህ ትችላለች» ብሎኛል። ከጁሙዓ በኋላ እሄዳለሁ፣ ኢንሻአላህ። ካሜራ አልይዝም። ዱዓ አድርጉልኝ።

አላህ ሆይ! የሰጠነውን ተቀበለን፣ ያበላሸነውን ማረን። ክብራቸውን የነካንባቸውን ወንድሞችና እህቶች በዱንያም በአኺራም ክብራቸውን ከፍ አድርግላቸው፣ ልባቸውንም ለይቅርታ አራራልን። እጃችን ላይ ያለውን አማና እንድንጠብቅ እርዳን። ጣቶቻችን በእኛ ላይ ከሚመሰክሩ ሳይሆን ለእኛ ከሚመሰክሩ አድርጋቸው። የታመሙትን አሽር፣ የቲሞችን ጠብቅ፣ አገራችንን ሰላም አድርግ። አሚን።

ጁሙዓችሁ የተባረከ ይሁን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።